ጥርሷን ነክሳ

ጠዋት ጠዋት የታካሚዎች ካርድ ወደ ኋለኛው ክፍል ይመጣል። ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰም የሚቀልጥበት ምድጃ፣ ጥግ ላይ የጀሶ ጆንያ፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ አፋቸውን ከፍተው የተሰለፉ የጀሶ መንጋጋዎች። እዚያ የምትሠራው ሴት ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ስለሆነ የክሊኒኩ ሰዎች «ጥርሴ» ይሏታል። ሲያቆላምጧትም ሲቆጧትም ያው ጥርሴ ናት።

የዚያን ማክሰኞ የመጀመሪያውን ካርድ አንስታ ቀና አላለችም። የታካሚዋን የባል ስም ደግማ ደጋግማ አነበበችው። ስሙን ታውቀዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በሚደርሷት ደብዳቤዎች ፖስታ ላይ፣ ከላኪው ስም ቀጥሎ፣ የአባት ስም ሆኖ ስታየው ኖራለች።

«ይቺ ሴትዮ መጥታለች?» ብላ ጠየቀች።

«ውጭ ተቀምጣለች» አለች የጥርስ ሐኪሟ፣ ጓንቷን እያጠለቀች በበሩ ስታልፍ። «ከሁለት ወር በፊት ሆስፒታል ሁሉንም ነቅለውላታል። ላይም ታችም ሙሉ ጥርስ ነው የምትፈልገው። ልኩን አንቺ ውሰጂላት፣ እኔ ሦስት የሚነቀል አለብኝ።» ሐኪሟ ዘወትር የምትሮጥ ሴት ናት። ስትተኛም ጫማዋን አታወልቅም ይባልላታል።

ጥርሴ እጇን ታጠበች። ከዚያም ንጹሕ እጇን ደግማ ታጠበች።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ክፍል ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ መሐንዲስ፣ ድልድይ ሲሠራ ብረት መትቶት የፊት ጥርሱ ተሰብሮ መጣ። እሷ ሠራችለት። ጥርሱ ልክክ ብሎ ገባ። እሱ ግን በሁለተኛው ቀን «አልተመቸኝም» ብሎ ተመለሰ፤ አየችው፣ ደህና ነው። በአራተኛው ቀንም ተመለሰ፤ አሁንም ደህና ነው። በሳምንቱ ሲመጣ ግን መሣሪያዋን ገና ሳታነሳ፣ «ጥርሱስ ደህና ነው፤ ያልተመቸኝ እኔ ነኝ» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ልቧ አልገባም።

እሱ የታወቀ ዳኛ ልጅ ነው። የእሷ አባት ደግሞ እኚያ ዳኛ ይሠሩበት በነበረው ፍርድ ቤት ዘበኛ ነበሩ። ሁለቱም አባቶች ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የቀረችው የዳኛው ባለቤት ናት። በመጀመሪያው ዓመት መሐንዲሱ «ለእናቴ ልነግራት ነው» ብሎ ሄደ። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። «እምቢ አለች» አላት። ጥርሴ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ፣ «በጉልበት አንገባም። እንጸልይ። እግዚአብሔር ልቧን ያራራዋል» አለችው። እሱም ወዲያው እሺ አለ። እንዲያ ቶሎ መስማማቱን ያኔ እንደ እምነት ቆጠረችለት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሩቅ አገር ሆነ። ስልክ በማይሠራበት ወንዝ ዳር ድንኳን ተክሎ ይከርምና በኩባንያው መኪና ደብዳቤ ይልክላታል። ደብዳቤዎቹ የእናቱን ልብ የአየር ጠባይ የሚዘግቡ ናቸው። አንዳንዴ ለሰስ ብላለች፣ አንዳንዴ መልሳ ጠንክራለች። መጨረሻቸው ግን ሁሌ አንድ ነው። «ታገሺ። የእግዚአብሔር ጊዜ አልደረሰም።»

እሷም ታገሠች። አንድ መምህር ሽማግሌ ቢልክባት መለሰችው። ሚስቱ የሞተችበት ደግ የመድኃኒት ባለሙያ ቢጠይቃት መለሰችው። በየሳምንቱ ረቡዕ ምሳዋን ትታ ክሊኒኩ አጠገብ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ትገባና፣ አንድም ቀን አይታት ለማታውቅ ሴት ትጸልያለች። «አታዋርዳት፣ አትቅጣት። ልቧን ብቻ አለስልስልኝ» ትላለች።

አብራት የምትኖረው አክስቷ ግን ትዕግሥት ላይ ያላት አስተያየት ሌላ ነው። ጥርሴ «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል ይባል የለ?» ስትላት፣ «ሚስቱንማ አግብቶ ነዋ!» ትላታለች።

የዚያን ማክሰኞ ምሽት የማን ካርድ እንደመጣ ስትነግራት አክስትየው የምትጠርገውን መነጽር ጭኗ ላይ ጣለችው።

«ታዲያ ሠራሽላት?»

«ልኩን ወሰድኩ።»

«አንቺ ሞኝ! በገዛ ጥርስሽ ልትነክስሽ ነው እኮ!»

ጥርሴ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። ስድስት ዓመት ስትለምንላት የኖረችው ሴት በእግሯ መጥታ ፊቷ ተቀምጣ፣ አፏን ከፍታላት ነበር። ይህ የእግዚአብሔር እጅ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? ለመሐንዲሱ አልጻፈችለትም። ሥራው ሲያልቅ፣ አሮጊቷ ስትወዳት፣ ያኔ ታስደንቀዋለች። የዚያን ዕለት ደስ ብሏት ተኛች።

ደግሞም ያን ጠዋት አሮጊቷ እንዳሰበቻት አልሆነችም። አፏን በሻርፗ ሸፍና ገባችና ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ሻርፑን ገለጥ አድርጋ፣ «ሁለት ወር ሙሉ ሾርባ!» አለች። «ልጄ፣ ዳኛ ፊት ያልፈራሁ ሴት ዛሬ ዳቦ ፊት እፈራለሁ።» ቃሏ ድዷ ላይ እየተንሸራተተ ግማሹ ፉጨት ሆኖ ይወጣል። ጥርሴ በጣቷ ከንፈሯን አነሳች። ያ ሁሉ እምቢታ የወጣበት አፍ ይህ ነው። ውስጡ ግን ሮዝ፣ ለስላሳ፣ እንደ አራስ ሕፃን ድድ ነበር።

በሳምንቱ አሮጊቷ አንድ አሮጌ ፎቶ ይዛ መጣች።

«የድሮ ጥርሴን እንድታዪልኝ ብዬ ነው። እንዲህ አድርገሽ ሥሪልኝ። የፊልም ተዋናይ እንዳታስመስይኝ፣ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ጥርሴ ብቻ ወጣት ሆኖ ቢስቅ ሰው ይደነግጣል።»

ፎቶው ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ መንገድ ዳር፣ ዳቦ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ኋላ ቆማ ትስቃለች።

«ይቺ ማን ናት?»

«እኔ ነኛ! ዳቦ ስሸጥ። ዳኛው በየቀኑ ሁለት ዳቦ ይገዛኝ ነበር። በኋላ ስሰማ እሱ ዳቦ አይወድም፤ ለጓደኞቹ ነበር የሚያድለው።» አሮጊቷ ሳቀችና ወዲያው ሳቋ ቀዘቀዘ። «አማቴ ግን ሦስት ዓመት ደጅ አስጠናችኝ። ‘ዳቦ ሻጭ ቤቴ አትገባም’ ብላ። በየበሩ ያለቀስኩትን እግዚአብሔር ያውቀዋል። ያኔ ተሳልኩ፤ ወንድ ልጅ ከሰጠኸኝ፣ የሚያመጣትን ሴት አንዲት ቀን ደጅ አላስጠናትም አልኩ።»

ጥርሴ የያዘችው ሰም ለስልሶ ቅርጹን እየለቀቀ ነበር። አላስተዋለችውም።

«ልጅ አለዎት?» አለች ዓይኗን ከሰሙ ሳትነቅል።

«አንድ። መሐንዲስ ነው፣ ድልድይ ይሠራል። ሰውን ሁሉ እያሻገረ ራሱ አልሻገር ብሎ ቀረ። ሠላሳ ሰባት ሞላው እኮ! ሚስት የለ፣ እጮኛ የለ። ጠዋት ጠዋት ተንበርክኬ የምለምነው ይሄንኑ ነው። ሀብት ያላት አላልኩ፣ ዘር ያላት አላልኩ። ‘ጌታዬ፣ ልቡን የምታሳርፍ አንዲት ሴት’ ነው ያልኩት። እሱን ስጠይቀው ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ‘እማዬ፣ ታገሺ። የእግዚአብሔር ጊዜ አልደረሰም’ ይለኛል።»

ሰሙ ከእጇ ወደቀ።

ጎንበስ ብላ አነሳችው። እዚያው ወለሉ ላይ ሆና፣ ድምጿን እንደምንም ሰብስባ፣ «ምናልባት… የሚወዳት ልጅ ኖራ እርስዎ እምቢ ብለውት ይሆን?» አለች።

«እኔ?» አሮጊቷ ድዷ እስኪታይ ሳቀች። «ማንን አይቼ ነው እምቢ የምለው? ‘ብቻ አምጣልኝ’ ነው ያልኩት። አንድ ቀንማ ተናድጄ ‘ከፈለግህ የዘበኛ ልጅ አምጣ፣ እግሯን አጥባለሁ’ አልኩት።»

«እሱስ… ምን አለ?»

«ምን ይላል? ፊቱ ልብስ መሰለ። ተነስቶ ወጣ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው፣ እስካሁን ምን እንዳስከፋሁት አልገባኝም።»

ጥርሴ ሰሙን እንደገና አሞቀች። የመንጋጋውን ልክ ወሰደች። «ይንከሱ… ቀስ ብለው… ይክፈቱ» አለች። ሥራው አፏን ይዞ ባይናገርላት ኖሮ ምን እንደምትል አታውቅም ነበር።

መጀመሪያ አሮጊቷ የዋሸች መሰላት። ሰው በእርጅናው ያለፈውን ያሳምራል አለች በልቧ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ በሩን ዘግታ፣ ደብዳቤዎቹን ከምታስቀምጥበት የመሣሪያ መሳቢያ የመጨረሻውን አወጣች። ከደረሳት ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ተረጋግታ እንደ እንግዳ ሰው አነበበችው።

«ባለፈው ቅዳሜ ለአንድ ቀን ቤት ደርሼ ተመለስኩ፤ አንቺን እንኳ ለማየት ጊዜ አላገኘሁም። እናቴ እግር ላይ ወድቄ ለመንኳት። ጥርሷን ነክሳ፣ ‘እኔ ሳልሞት የዘበኛ ልጅ ደጄን አትረግጥም’ አለችኝ። የኔ ፍቅር፣ እንባዬን ውጬ ወጣሁ። ታገሺ…»

ጥርሷን ነክሳ።

ጥርሴ ቃሉ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ባለፈው ቅዳሜ! ያን ጊዜ አሮጊቷ አፍ ውስጥ የሚነከስ ቀርቶ የሚነቃነቅ ጥርስ አልነበረም። የነከሰችው ሾርባ ነው። ድንገት ሳቅ አፈናት። ሆዷን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ የጀሶ መንጋጋዎቹ ሁሉ አብረዋት የሚስቁ መሰላት። ሐኪሟ ድምፁን ሰምታ በሩን በርግዳ ገባች።

«ምን ያስቅሻል? ለኔም ንገሪኝ!»

ጥርሴ ቀና ስትል ፊቷ በእንባ ታጥቦ ነበር። ሐኪሟ ወንበር ሳበችና፣ ጥርሴ ካወቀቻት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳትቸኩል ተቀመጠች። የጥርሴ ሳቅም ልቅሶም ሲያልቅ የቀረው ብርድ ብቻ ነበር።

አክስቷ ማታውን ሁሉንም ስትሰማ አልቀለደችም። ይህ ራሱ ጥርሴን አስፈራት።

«ለሴትዮዋ አሁኑኑ ንገሪያት» አለች።

«አይ። ከአፉ ልስማው።»

«ምን ቀረሽ የምትሰሚው?»

«አላውቅም አክስቴ። ምናልባት ምክንያት ይኖረዋል። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል።»

አክስቷ ፀጉሯን ዳበሰቻት። «አሁንም እየጠበቅሽው ነው» አለች ቀስ ብላ። እውነት ስለነበረ ጥርሴ አፈረች።

ጥርሱ ባለቀ ቀን አሮጊቷ መስታወት ፊት ግማሽ ሰዓት ቆመች። አንዴ ፈገግ፣ አንዴ ኮስተር፣ አንዴ አፏን ዘግታ በጎን። «ሰው መሰልኩ!» አለች። ከዚያ የጥርሴን ሁለት እጆች ይዛ ሳመቻቸው። «እሑድ ምሳ እኔ ቤት ነሽ። እምቢ እንዳትይ። ልጄ አራት ወር ጠፍቶ በዚያው ቀን ሊመጣ ነው። ጥርሴን መነቀሌንም አልነገርኩትም፤ ላስደንቀው ብዬ።» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ደግሞ አንቺን ማየት አይጎዳውም። እኔ ጸሎቴን አውቃለሁ። ዝም ብለሽ ነይ።»

ጥርሴ እነዚያን እጆች ማስለቀቅ አልሆነላትም። «እሺ እማማ» አለች።

የዳኛው ቤት ትልቅ ነው፣ ግን ያረጀ። የመግቢያው ደረጃ አንድ ጥጉ ተሸርፏል፤ ሳሎኑ ውስጥ ከሰው ይልቅ ወንበር ይበዛል። አሮጊቷ ጠረጴዛውን ራሷ አሰናድታ፣ ዳቦውን ራሷ ቆርሳ አንዱን ጉርሻ በኩራት አኘከችና፣ «ስሚው ድምፁን!» አለች። ጥርሴ ሳቀችላት። ሰባት ጊዜ ሰዓት አየች። ስድስት ዓመት ስትጠብቅ የአሁኑን ያህል አንድ ሰዓት አልረዘመባትም።

መኪና ቆመ። እግሩን በር ላይ ሲጠርግ ሰማችው። ገባ፤ ፀሐይ አክስሎታል፣ ጫማው ላይ የወንዝ ዳር አፈር አለ። መጀመሪያ ያየው እናቱን ነበር።

«እማዬ! ጥርስሽ… ምን ሆነሽ ነው?»

«ተነቀልኩ፣ ተተከልኩ! አራት ወር ስትጠፋ ሰው ይታደሳል። እሱን ተወውና ና፣ የሠራችልኝን ላስተዋውቅህ።»

ዞረ።

ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ጥርሴ በዚያች ቅጽበት እውነቱን ሁሉ እያወቀች፣ በሙሉ ልቧ አንድ ነገር ተመኘች። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። «እማዬ፣ እሷ ናት» ቢል፣ ሌላውን ሁሉ ይቅር ልትለው ተዘጋጅታ ነበር። ፊቱ ሲገረጣ አየች። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች። ከዚያ ያ የምታውቀው ፈገግታ መጣ፤ መሐሉ ላይ በገዛ እጇ የሠራችው ጥርስ ያበራል። እጁን ዘረጋላት።

«ደስ ብሎኛል» አላት፤ ስሙንም፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚነገር፣ ከነአባቱ ነገራት።

እጁን ጨበጠችው። ከእጇ ይልቅ ልቧ ነበር የቀዘቀዘው።

«ሾርባው እንዳይቀዘቅዝብን!» ብላ እናትየው ወደ ማድ ቤት ገባች። በሩ ገና መለስ ሳይል መሐንዲሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተጠጋት።

«ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው? ሳትነግሪኝ? ልታበላሺው ነው እንዴ? ጊዜው ገና ነው እኮ፤ ትንሽ ታገሺ አላልኩሽም?»

«የማን ጊዜ?» አለችው።

«ምን?»

«ጊዜው ገና ነው ስትል፣ የማን ጊዜ ነው? እናትህ ማንነቴን አታውቅም። ስድስት ዓመት እግሯ ላይ ስትወድቅ፣ አንድ ቀን ስሜን አልነገርካትም።»

ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ልነግራት ነበር» አለ። «ያኔ በመጀመሪያው ዓመት እዚሁ በር ድረስ መጥቻለሁ። ፈራሁ። እሷን አይደለም… ሰውን። ጓደኞቼ ሲያገቡ አየሁ፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ እህት። ‘ያንተዋስ የማን ናት?’ ሲሉኝ የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ልጅ ማለት ምላሴ ላይ ከበደኝ። ጊዜ ላግኝ ብዬ እምቢ አለች አልኩሽ። አንቺ ደግሞ ‘እንጸልይ’ አልሽ።»

«ስለዚህ የኔ ጥፋት ነው?»

«አላልኩም! እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ ብዬ ነው። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተውከኝም? መምህሩ ሲጠይቀኝ፣ የመድኃኒት ባለሙያው ሲጠይቀኝ ጽፌልሃለሁ። ‘አግቢ’ ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር?»

ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «መተው አልቻልኩም። እዚያ ድንኳን ውስጥ፣ አንቺ እየጠበቅሽኝ እንደሆነ ሳስብ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

«እኔ እንቅልፍ አጥቼ፣ አንተ በኔ ትተኛ ነበር።»

«እሷ አታውቅሽም፣ አንቺ አታውቂያትም። ማንም አይጎዳም ብዬ ነው…»

«እግዚአብሔርስ?» ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «እሱንስ ማን አማከረህ? እኔ እኮ መልስ ሳጣ የሱ ዝምታ መስሎኝ ነበር! በየሳምንቱ ረቡዕ ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ‘ምን አጠፋሁ?’ ብዬ ጠይቄዋለሁ። የኔ ኃጢአት ይሆን፣ የአባቴ ይሆን እያልኩ። የሱን ስም ወስደህ በራስህ ፍርሃት ላይ ፈረምክበት!»

የሳህን ድምፅ ተሰማ። አሮጊቷ የሾርባውን ጎድጓዳ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላዩም፤ ግን ፊቷን ያየ ሁሉንም እንደሰማች ያውቃል። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችው፤ ሾርባው ዳር ዳር ፈሰሰ።

«ስድስት ዓመት» አለች። አዲሱ ጥርሷ እያንዳንዱን ቃል ጥርት አድርጎ አወጣው። «ስድስት ዓመት እኔን አማቴን አደረግኸኝ?»

«እማዬ…»

«ያቺ ሴት ያደረገችኝን ነግሬህ ነበር። በልጅነትህ፣ እዚሁ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ። የነገርኩህን ወስደህ አፌ ውስጥ ከተትከው?» ወደ ጥርሴ ዞረች። «አንቺም አምነሽ… ይህን እያሰብሽብኝ ነው ድዴን እንደ እንቁላል ስትይዢ የነበርሽው?»

ጥርሴ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

መሐንዲሱ ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ። «ዛሬ፣ ነገ፣ በፈለግሽው ቀን» አለ። «እናቴ ፊት እጠይቅሻለሁ። ሰው የፈለገውን ይበል።»

የአሮጊቷ እጆች ሳታውቀው ወደ ጥርሴ ተዘረጉ። ያ ሁሉ ረቡዕ የተጸለየበት ነገር አንድም ሳይጎድል ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ እናትየው እሺ ብላ፣ እሱም ተንበርክኮ። ጥርሴ ልቧን ፈለገችው። ደስታ ያለበትን ቦታ ዳበሰችው፤ ጥርስ እንደተነቀለበት ድድ ባዶ ነበር፣ ያማል።

«ዛሬ ጠዋት ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ነበር» አለችው። «ሁሉንም እያወቅሁ። ቅድም በር ላይ እጅህን ዘርግተህ ‘ደስ ብሎኛል’ እስክትለኝ ድረስ እየጠበቅሁህ ነበር።»

«ጊዜ ስጪኝ። ትንሽ ብቻ ታገሺ…»

«ይህን ቃል ሁለተኛ በአፍህ እንዳታመጣው!»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ደረጃው ላይ ክንዷን የሚይዝ እጅ ተሰማት። አሮጊቷ ነበረች፤ በቤት ጫማዋ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ አብረው ሄዱ። የመንገዱ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አትመለሽም አይደል?» አለች አሮጊቷ።

«አልመለስም እማማ። ይቅርታ።»

«አንቺ ነሽ ይቅርታ የምትይው?» አሮጊቷ አፍንጫዋን በሻርፗ ጠረገች። «ጠዋት ጠዋት የለመንኩት አንቺን ነው። ልክ አንቺን። ሰጠኝ። አየሁሽና ነሳኝ።»

አንድ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፣ ሄደም። አልተነሱም።

«እማማ፣ ተናድጃለሁ።»

«በሱ? ተገቢ ነው።»

«በሱ ብቻ አይደለም። በእግዚአብሔር ነው የተናደድኩት። ያውቅ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እያወቀ ዝም አለኝ።»

ጥርሴ አሮጊቷ ደንግጣ የምትቆጣት መስሏት ነበር። አሮጊቷ ግን መንገዱን እያየች፣ «እኔም» አለች። «ዳኛው የሞተ ጊዜም እንዲሁ ሆኜ ነበር። ሁለት ዓመት ነው የተጣላሁት። ግን ሄጄ እፊቱ ተቀምጬ ነው የተጣላሁት። አኩርፈሽ ከቤት አትውጪ ልጄ። የምትናደጂም ከሆነ እዚያው ሆነሽ ተናደጂ።»

ሁለተኛው አውቶቡስ ሲመጣ ተሳሳሙ። ጥርሴ በመስኮቱ ዞር ብላ ስታይ አሮጊቷ አግዳሚው ላይ ብቻዋን ነበረች። ወደ ቤቷ መመለስ ያልፈለገች መሰለች።

ከዚያ በኋላ መሐንዲሱ ሦስት ደብዳቤ ላከ። ሦስቱንም አክስቷ ከበር ላይ መለሰቻቸው። ጥርሴ ለብዙ ቀን አልበላችም፣ አልተኛችም፤ ሥራዋ ላይ ግን አልቀረችም። መምህሩ አግብቷል። የመድኃኒት ባለሙያውም ሌላ አገር ሄዷል። የባከነው ዓመት ተመልሶ አልመጣም፤ ማንም ይመጣል ብሎ አላጽናናትም፣ እሷም እንዲያጽናኗት አልፈለገችም።

ረቡዕ ሲደርስ ላትሄድ ወስና ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ እግሯ ራሱ ወሰዳት። ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ አንዲት የምትጠርግ ሴት ብቻ ነበረች። ጥርሴ እንደ ድሮው አልተንበረከከችም። አግዳሚው ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ሰው ከሰው ጋር ሊነጋገር ሲል እንደሚቀመጠው።

ለእሱ አልጸለየችም። ለራሷ ደስታም አልለመነችም። ስድስት ዓመት የሸመደደችው ጸሎት አፏ ላይ አልመጣ አለ፤ የመጣው ሌላ ነበር።

«ጠበቅሁህ» አለች ድምጿን አውጥታ። «አንተን መስሎኝ ሰው ስጠብቅ ኖርኩ። አንተ ግን የት ነበርክ?»

የምትጠርገው ሴት ቀና ብላ አይታት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ምሳ ሰዓት አለቀ። ጥርሴ አልተነሳችም። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ መልሱን ደግሞ በእውነት ፈለገችው፣ ቢዘገይም። ልቧ ቆስሎ፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ ተቀምጣ ጆሮዋን አቀናች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ በእግዚአብሔር ፋንታ «ታገሺ» ብሎ የሚመልስላት ማንም አልነበረም።